«እርግጠኛ ነዎት?» የተባለው ሰው

ኖርዝ ዳኮታ ውስጥ ባለችው በእኛ ከተማ ንብ አናቢዎች ዱዌን ሆቭላንድን በስሙ የሚጠሩት ፊቱ ሲቆሙ ብቻ ነው። ዞር ሲል «እርግጠኛ ነዎት» ይሉታል። «ዛሬ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እርግጠኛ ነዎትን አገኘሁት» ወይም «እርግጠኛ ነዎት ዘንድሮም ያችኑ አሮጌ ፒካፕ ነው የሚነዳው?» ሲባል ግራ የሚጋባ ካለ እንግዳ ሰው ነው። ስሙን ያወጣለት የገዛ ፕሮግራሙ ነው። ለንብ አናቢዎች ሃያ ዓመት ያህል የሸጥነው የቀፎ መከታተያ፣ ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጥ ኮምፒዩተር የተሠራ፣ አስቀምጥ ሲሉት «እርግጠኛ ነዎት?» ይላል። አጥፋ ሲሉትም፣ ዝጋ ሲሉትም፣ አትም ሲሉትም ያንኑ ይላል። ከጥያቄው ሥር «አዎ» እና «አይ» የሚሉ ሁለት ቁልፎች ይደረደራሉ። አንዱን እስኪጫኑለት ድረስ ንቅንቅ አይልም።

እኔ ማርሊስ እባላለሁ፤ በዚያው ቢሮ ስልክ የማነሣው እኔ ነኝ። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ዱዌን፣ ስድቡን የምቀበለው እኔ። ይህን የምጽፈው ላመሰግነው ብዬ ነው። ፊት ለፊት ባመሰግነው ጆሮው ይቀላና መነጽሩን መጥረግ ይጀምራል፤ መነጽሩን ሲጠርግ ደግሞ ትዕግሥቴ ያልቃል። በወረቀት ይሻላል።

ጥያቄው ከክፋት የመጣ አልነበረም። ፕሮግራሙ ገና አዲስ ሳለ አንድ ሽማግሌ ንብ አናቢ የወቅቱን ሥራ በሙሉ ኮምፒዩተራቸው ውስጥ አስገብተው ሲያበቁ በክርናቸው አንድ ቁልፍ ነኩ። ፕሮግራሙ ታዛዥ ነበርና ሁሉንም ጠርጎ አጠፋው። ሽማግሌው ቢሮ ድረስ መጡ። አልጮሁም፤ የእኛ ሰው አይጮህም። ዱዌን ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠው ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉና ጥቂት ቆይተው «ይሁን እንግዲህ» ብለው ሄዱ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ዱዌን ያን «ይሁን እንግዲህ» እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሰውን ሳይጠይቅ አንዲት ነገር የሚያደርግ ፕሮግራም ዳግመኛ ላይጽፍ ለራሱ ቃል የገባው ያኔ ነው።

ሰውየውም እንደ ፕሮግራሙ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ የስንዴ እርሻ ተወልዶ፣ ኮምፒዩተርን በእህል ጎተራው ቢሮ ሲቀጠር ተዋውቆ፣ ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ነው። ሁሉን ሰው «እርስዎ» ይላል። እኔን በየቀኑ ከፊቱ የምቀመጠውን «እርስዎ» ይላል። ውሻውንም «እባክዎ ከሶፋው ይውረዱ» ሳይል አይቀርም። ምሳው ከትናንት የተረፈ ሆትዲሽ ነው፤ ድንቹንና ሥጋውን ከነሾርባው አንድ ላይ ጋግራ ሚስቱ በዕቃ ትቋጥርለታለች፣ እሱም ሳያሞቀው ይበላዋል። ሳታሞቀው ለምን ትበላለህ ብዬ ስጠይቀው ማሞቂያውን ሌላ ሰው ይፈልገው ይሆናል አለኝ። ቢሮው ውስጥ ያለነው ሦስት ሰዎች ነን።

ሦስተኛው ኬንት ነው፤ የድርጅቱ ባለቤት። አንድ የጸደይ ጠዋት ኬንት ሁለታችንን ጠርቶ ቁጭ በሉ አለን። በእኛ ዘንድ ቁጭ በሉ ከተባለ ወይ ሰው ሞቷል ወይ ሥራ ሞቷል። ንብ አናቢዎቹ ስማርት ስልክ መያዝ ከጀመሩ ወዲህ ማታ ቤት ገብተው ኮምፒዩተር ፊት መቀመጥ እንደሰለቻቸው፣ ቀፎው አጠገብ ቆመው ስልካቸው ላይ መመዝገብ እንደሚፈልጉ፣ ከደቡብ የመጣ አንድ ድርጅትም ይህንኑ ሠርቶ ደንበኞቻችንን አንድ በአንድ እየወሰደ እንደሆነ ነገረን። በየዓመቱ በረዶ ሳይወርድ ቀፎዎቹ ክረምቱን እንዲያሳልፉ በጭነት መኪና ወደ ካሊፎርኒያ ይሄዳሉ። መኪኖቹ ከመሄዳቸው በፊት የእኛም ፕሮግራም ንብ አናቢዎቹ ኪስ ውስጥ ካልገባ፣ ኬንት ቢሮውን ዘግቶ ዓሣ ሊያጠምድ ነው።

እኔ የትም ሄጄ የማንንም ስልክ ማንሣት እችላለሁ። ዱዌን ግን ዕድሜው ከሃምሳ አምስት አልፏል፤ በከተማችን ሌላ የፕሮግራመር ሥራ ይቅርና ሌላ ፕሮግራመር የለም። እጁ ሌላ ሙያ አያውቅም። ቢሮው ከተዘጋ ያ ሁሉ ዓመት የተማረው ነገር እንደ አሮጌ ጋሪ ጓሮ ቆሞ ሊቀር ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን የለም።

ዱዌን መጀመሪያ ስልክ መጫወቻ ነው አለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መጻሕፍት ታቅፎ መጣና እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ከ«ሀ» ጀመረ። ያውቀው የነበረው የፕሮግራም ቋንቋ አይሠራም፤ አዲስ መማር ነበረበት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የዱዌን እንቁላል እግር ከማውጣቱ በፊት ብዙ ጊዜ ተንከባሏል።

የመጀመሪያ ሥራውን ሲያሳየኝ የድሮውን ፕሮግራም እንዳለ አሳንሶ ስልኩ ውስጥ ጠቅጥቆታል። መስኮቱ፣ ዝርዝሩ፣ ቁልፉ አልቀረም፤ ሁሉም ግን የምስር ፍሬ አክሏል። አውራ ጣቴን ሳሳርፍ ሦስት ቁልፍ በአንድ ጊዜ ተሸፈነ። ከእጅ አይሻል ዶማ የሚሉት ይህን ነው። እየሳቅሁ አንዷን ቁልፍ አሳየሁት።

«ይቺ ደግሞ ምን ታደርጋለች?»

«ጠቋሚውን ያሳርፉባት፣ ማብራሪያው ብቅ ይላል።»

«የቱን ጠቋሚ?»

ዱዌን ስልኩን አየ፤ ቀጥሎ ጣቴን አየ። ጠረጴዛ ላይ ባለው ኮምፒዩተር የማውዙን ቀስት አንድ ቁልፍ ላይ ሳይጫኑ ቢያሳርፉት ትንሽ ማብራሪያ ብቅ ትላለች፤ ዱዌን በየቁልፉ ላይ እየተጠበበ የጻፋት እሷን ነበር። ጣት ግን ወይ ይነካል ወይ አይነካም። አየር ላይ ተንሳፍፎ አያመነታም። ሰውየው ስልኩ ውስጥ የሌለ ቀስት እያየ ስንት ወር እንደሠራ ሲገባው ጆሮው ቀላ።

«ማርሊስ፣ እባክዎ አይሳቁ» አለኝ።

እኔ ግን ሳቅሁ። ጥቂት ቆይቶ እሱም ሳቀ፤ ያን ቀን ሆትዲሹን አሙቆ በላ።

እንደገና ጀመረ። ቁልፎቹ ወፍራም ጣት እንኳ የማይስታቸው ሆኑ፤ ጽሑፉ ፀሐይ ላይ እንዲነበብ ደመቀ። ነሐሴ ላይ የሚሞክረው ሰው ሲፈለግ ኬንት አርዲስ ክቫሌን ጠራ። አርዲስ በአካባቢያችን ካሉት ንብ አናቢዎች ሁሉ የከበረች ሴት ናት። እሷ የወደደችውን ሌሎቹ ይገዛሉ፤ እሷ የተወችውን ማንም አይነካውም። ስልኳ ርካሽ ነው፤ ማርና ሙጫ ተለጥፎበት ጀርባው ይጣበቃል። ፕሮግራሙን ተቀብላ ሄደች፤ እኛም ጠበቅን።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። የደወለችው በመስከረም ነው።

«ማርሊስ፣ ትንሽ ነገር ነበረች» አለችኝ።

የእኛ ሰው መከራውንም ሙገሳውንም የሚነግርህ አሳንሶ ነው፤ መከራውን ባሳነሰው ቁጥር ነገሩ ይከፋል። የአጎቴን የከብት በረት ጣሪያ ዐውሎ ነፋስ ወስዶ ጎረቤት እርሻ ላይ ሲጥለው፣ አጎቴ ያለው «ትንሽ ነፋስ ነበር» ነው።

«ምን ሆነ?» አልኳት።

«የዛሬው ሥራ የለም።»

«የትኛው?»

«ሁሉም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አርዲስ ከጠዋት ጀምራ ቀፎዎቿን ስትከፍት ውላለች። ከክረምቱ በፊት የትኛው ቀፎ ንግሥት እንዳለችው፣ የትኛውን የንብ ቅማል እንደያዘው፣ ለየትኛው መድኃኒት እንዳደረገች እያየች ስልኳ ላይ ስትሞላ ነበር። የዱዌን የድሮ ፕሮግራም ያስለመዳትም ይህንኑ ነው፤ ሁሉን ሞልቶ በመጨረሻ «አስቀምጥ»ን መጫን። ልትጨርስ ጥቂት ሲቀራት ባሏ ሎይድ ደወለ። አነሣች፣ አነጋገረችው፣ ዘጋች። ወደ ፕሮግራሙ ስትመለስ ገና ዛሬ የተገዛ ይመስል ባዶ ገጽ ይዞ ጠበቃት።

ለዱዌን ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ «‘አስቀምጥ’ን ተጭነዋል?» ብሎ ነው። አልተጫነችም አልኩት። መጫን ነበረባቸው አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ልለው ከጀለኝ፣ ፊቱን አየሁና ተውኩት። ከዚያ ስልክዎን ያውሱኝ አለኝ። የእኔም እንደ አርዲስ ስልክ ርካሽ ነው። ፕሮግራሙን ጫነበት፣ ጥቂት ነገር ሞላበት፣ ከጠረጴዛው ስልክ ደወለልኝ። ሁለት እርምጃ ርቀን ተቀምጠን «ሃሎ» «ሃሎ» ተባባልንና ዘጋን። ፕሮግራሙን ስንከፍተው ባዶ ነው።

እስከዚያ ቀን ድረስ ይህ እንዴት አልታየህም አልኩት። እሱ የሚሞክርበት ስልክ ሲም ካርድ ያልገባበት፣ ቁጥር የሌለው ስልክ ነበር። ቁጥር ቢኖረውም ማን ይደውልለታል? ለዱዌን ማንም አይደውልለትም፤ ሰው ሁሉ የሚደውለው ለእኔ ነው።

ያን ቀን ያስረዳኝን አልረሳውም። ጠረጴዛ ላይ ባለው ኮምፒዩተር ፕሮግራም እንደ ባለቤት ነው፤ ውጣ ቢሉትም «ያላስቀመጡት ሥራ አለ፤ እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ በሩን ይዞ ይቆማል። ስልክ ላይ ግን እንግዳ ነው። ጥሪ ሲመጣና ቦታ ሲጠብ፣ ስልኩ እንግዳውን ሳይነግረው ያስወጣዋል። የዱዌን ጥያቄ አርዲስ ስልክ ውስጥም ነበረ፤ ሠርቶታል፣ ተጨንቆበታል። ስልኩ ግን ጥያቄው እስኪታይ አልጠበቀም። ጠያቂ ነበረ፣ የሚሰማ ግን አልነበረም።

ዱዌን ተነሥቶ ኬንት ክፍል ገባ። ግድግዳው ስስ ነው፤ እኔም ሬዲዮኑን ቀነስኩ።

«ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» አለ ዱዌን። «እኔ የጠረጴዛ ሰው ነኝ፤ ለዚህ አልተፈጠርኩም።»

ኬንት እንግዲያው መኪኖቹ ሲሄዱ ጠረጴዛዎቹንም እንሸጣለን አለው። ዱዌን ወጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ኮምፒዩተሩን ግን አልከፈተም። ያን ቀን አዘንኩለት፤ በጣም አዘንኩለት።

በማግሥቱ ዱዌን መጥቶ አርዲስ ዘንድ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ ነው፤ ብቻዬን ድፍረት የለኝም፤ አብረውኝ ይሂዱ አለኝ። ሐዘን ቤት ባዶ እጅ አይኬድምና ሆትዲሽ ጋግሬ ይዤ ሄድኩ። አርዲስን ያገኘናት ሜዳው ላይ ነው፤ ትናንት የከፈተቻቸውን ቀፎዎች ዳግመኛ ትከፍታለች። አየሩ ቀዝቅዟል። በዚያ ወቅት ቀፎን ሁለት ጊዜ መክፈት ንቡን ብርድ ያስመታዋል፤ ካልከፈተች ደግሞ ቅማል ያለበትን ቀፎ ሳታውቀው ካሊፎርኒያ ትልካለች። ሳታየው የሎይድን የንብ ልብስ ለዱዌን ሰጠችው። ልብሱ ሁለት ዱዌን ይይዝ ነበር። ሎይድ ባለፈው ክረምት ልቡን ከታመመ ወዲህ ሜዳ አይወጣም።

ዱዌን ከልብሱ የፊት መረብ ውስጥ ሆኖ ይቅርታውን ጀመረ። መንገድ ላይ ሲያጠናው የመጣ ረጅም ይቅርታ ነው።

«ይቅርታህን እዚያ አስቀምጠውና ማጨሻውን ያዝ» አለችው አርዲስ።

«አስቀምጠው» ያለችው አውቃ ይሁን ሳታውቅ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም። ዱዌን ንቡን በጭስ የሚያረጋጋውን ማጨሻ ያዘ። ጥቂት ቆይቶ ስልኳ ጮኸ። ጓንቷን ስባ አወለቀችና አነሣች፤ ባሏ ነው።

«ሰናፍጩ? ማቀዝቀዣው በር ላይ ነው። በሩ ላይ። ከወተቱ በስተግራ።»

ዘጋች። ሁለት ቀፎ እንደከፈተች እንደገና ጮኸ፤ አሁን ደግሞ መነጽሩ ነው። ከዚያ የጋዜጣው ነገር መጣ። በአራተኛው ዱዌን አላስቻለውም።

«አርዲስ፣ ሥራ ላይ ሆነው ባያነሡትስ?»

በክርኔ ልወጋው ነበር፤ የሎይድ ልብስ ሰፊ ነውና ስቼው ቀረሁ። አርዲስ ግን አልተቆጣችም።

«ሰናፍጩ ከተጋባን ጀምሮ ያው ቦታ ነው ያለው» አለችው። «ሎይድም ያውቃል። የሚደውለው ድምፁን ሊያሰማኝ ነው። እኔም የማነሣው ለዚሁ ነው።»

ንቦቹ ይጮሃሉ። ንቧ አስተማረችው፣ ጠብታ ባገኘች ቁጥር ማንንም ሳትጠይቅ ሰፈፉ ውስጥ ስታስቀምጥ አይቶ ነቃ ብዬ ብጽፍ ያምር ነበር። ውሸት ነው። ያስተማረው የሎይድ ሰናፍጭ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቀፎዎቹን ጨርሰን በፒካፑ ስንመለስ፣ ዱዌን እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ተናገረ።

«ማርሊስ፣ ሃያ ዓመት ሰውን ሳስጠብቅ ኖሬያለሁ። አርዲስ ግን ሎይድን ሊያስጠብቁ አይችሉም።»

ሰኞ ቢሮ የገባሁት ቀድሜው ይመስለኝ ነበር፤ ኮምፒዩተሩ ተከፍቶ አገኘሁት። «አስቀምጥ» የሚለውን ቁልፍ አውጥቶታል። ሰው ስልኩን በነካ ቁጥር፣ የነካው ነገር ያኔውኑ እንዲቀመጥ አድርጎ እንደገና እየጻፈ ነበር። ማንም ቢደውል፣ ስልኩ ቢወድቅ፣ ባትሪው ቢያልቅ የተሞላው አይጠፋም። ሥራው ከባድ ቢሆንም ያ አልነበረም ያስጨነቀው። ያስጨነቀው ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ ያደረጉት ሽማግሌ ናቸው። ሰው ሳይጠየቅ ሁሉ ነገር የሚቀመጥ ከሆነ፣ ክርኑ የሳተ ሰው ምን ይሁን? ብዙ ቀን በዚህ ነገር ቁጭ ብሎ ዋለ። ምሳውን ረሳ፤ እኔም አሙቄ አቀረብኩለት።

ያገኘው መላ ትንሽ ነበረች። ከላይ ጥግ ላይ ወደ ኋላ የምትታጠፍ ቀስት አለች፤ «መልስ» ትላለች። ተሳስቶ ያጠፋ ሰው እሷን ሲነካ የጠፋው ይመለሳል። አስቀድሞ ከመጠየቅ ይልቅ ከተሳሳቱ በኋላ መመለስ። ሲያሳየኝ አንድ ቀፎ አጠፋሁና ቀስቷን ነካሁ፤ ቀፎው ተመለሰ።

«ሽማግሌው ይህ በነበራቸው» አለኝ፤ መነጽሩንም አወለቀ። ያን ቀን መነጽሩን ሲጠርግ አልተናደድኩም።

የቀረው መሞከር ነው። ለዚያ ዱዌን ቁጥር ያለው ስልክ ገዛ፤ በሕይወቱ የመጀመሪያው። ሥራው መካከል ድንገት የሚደውልለት ሰው አስፈለገው። እኔ ሥራ አለኝ፤ ደግሞም የእኔ ጥሪ ድንገት አይደለም፣ ስደውል ያየኛል። ስለዚህ ለሎይድ ነገረው። ሎይድ ቤት ተቀምጦ መስኮት ሲያይ የሚውል ሰው ነው፤ ጉዳዩን እንደ መንግሥት ሹመት ተቀበለው። ዱዌን ገና ሁለት ነገር ሳይሞላ ስልኩ ይጮሃል።

«ዱዌን፣ ሰናፍጩ የት ነው?»

«ማቀዝቀዣው በር ላይ ነው፤ ከወተቱ በስተግራ።»

«እሺ። ገደልኩት?»

ዱዌን ያያል። «ገደሉት» ይላል።

ሎይድ እንደ ልጅ ይስቃል፤ ሳቁ ከስልኩ አልፎ እኔ ድረስ ይሰማል። ፕሮግራሙን ደጋግሞ ገደለው። ምሳ ሰዓት ላይ ገደለው፤ ዱዌን መኪና ሲያቆም ገደለው፤ አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደውሎ ፓስተሩን አስቆጣ። ዱዌን በገደለው ቁጥር ቀዳዳውን እያገኘ ደፈነ። እየቆየ «ገደልኩት?» ሲባል «አልሞተም» ማለት ጀመረ። ሎይድ በዚህ ማዘኑን አልደበቀም፤ መደወሉን ግን አልተወም። አርዲስ አንድ ቀን ደውላ ሎይድ ጠዋት ቀድሟት እንደሚነሣ፣ ከቁርስ በፊት ዱዌንን በምን ሰዓት እንደሚያጠቃው ሲያሰላ እንደሚገኝ ነገረችኝ። ድምፅዋ ደስ ይል ነበር። ለዱዌን ስነግረው መስኮቱን እያየ «ሰው እንዲህ ደውሎልኝ አያውቅም» አለ። እኔ አብሬው በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ለሁለቱም አምላኬን አመሰገንኩ።

ጥቅምት ሲያልቅ የጭነት መኪኖቹ አስፋልቱ ዳር ቆሙ። ክረምቱ ሳይገባ አንድ ሞቅ ያለ ቀን ቀርቶ ነበርና በዚያ ቀን ሦስታችንም አርዲስ ሜዳ ሄድን። ኬንት ከኋላ ቆሞ የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ያቅጨለጭላል። የሚጠብቀው የአርዲስን ቃል ነው፤ እሷ አይሆንም ካለች ሌሎቹም አይፈልጉትም፣ ቢሮውም ያበቃል። ዱዌን የሎይድን የንብ ልብስ እንደገና ለብሶ እጁን የት እንደሚያደርግ አያውቅም። አርዲስ መረቧን ለብሳ ቀፎ ትከፍታለች፣ ጓንቷን ታወልቃለች፣ ስልኳን ትነካለች፣ ትዘጋለች፣ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። ሦስት አራት ቀፎ እንዳለፈች ስልኳ ጮኸ።

ሎይድ ነው። ዱዌን አላስደወለውም፤ ሎይድ በዚያን ጊዜ ደውል ባይ የሚያስፈልገው ሰው አልነበረም። አርዲስ ሰናፍጩ የት እንዳለ ነገረችው። ቀጥሎ ሐኪሙ ምን እንዳለው ጠየቀችው። ብዙ አወሩ። ዱዌን ፊቱ እንደ ሰም ሆነ። ኬንት ቁልፉን ማቅጨልጨል ተወ።

አርዲስ ስልኩን ዘጋችና ፕሮግራሙን ከፈተች። ቀፎዎቹ ሁሉ ነበሩ፤ ንግሥቷም፣ ቅማሉም፣ መድኃኒቱም እንደሞላችው። ላይ ታች አለችው። ከዚያ የሆነ ነገር የጠፋባት ይመስል ጥግ ጥጉን ትፈልግ ጀመር።

«‘አስቀምጥ’ የት ነው ያለው?» አለች።

«የለም። ተቀምጧል» አላት ዱዌን።

«ሳልጫነው?»

«ሳይጫኑት።»

አርዲስ መረቧን ከፊቷ ገለጠችና ዓይን ዓይኑን አየችው። ሃያ ዓመት ሙሉ «አንተ» ስትለው የኖረች ሴት ናት።

«እርግጠኛ ነዎት?» አለችው።

ያን ሁሉ ዓመት ሌላውን ሰው ይህን ሲጠይቅ የኖረ ሰው፣ እሱን የጠየቀው ማንም አልነበረም። ጆሮው ቀላ። መነጽሩን ሊያወልቅ እጁን ሰደደ፤ ያው መረብ ለብሷልና መረቡን ነካ። እጁን አወረደ።

«አዎ» አለ።

አርዲስ መረቧን መለሰች። «ክፉ አይደለም» አለችና ስልኩን ኪሷ ከትታ ወደሚቀጥለው ቀፎ ሄደች።